ፎቶ በቤቱ የሚያጥበው ጋሽ ይመር

ጋሽ ይመር መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የነገረኝ ድሮ ያስተማርኩት፣ አሁን ባምባሲ ላይ ሰሊጥ የሚነግድ ሰው ነው። አሶሳ መናኸሪያ ተገናኝተን ስለ መንገዱና ስለ ዝናቡ ካወራን በኋላ፣ ድንገት ትዝ ያለው ይመስል «ፎቶ አንሺው ይመር አረፈ እኮ፤ አልሰሙም እንዴ?» አለኝ። አልሰማሁም አልኩት። አላለቀስኩም። ጋሽ ይመር ራሱ ለቅሶ አይወድም ነበር፤ ያለቀሰ ሰው ፊቱ ፎቶ ላይ አብጦ ይወጣል ይል ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ግን ከዚህ ሰው ጋር አራት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቅንበት ነገር ትዝ አለኝ። ጭቅጭቃችን አንድ ነበር፦ ፎቶን እቤት ማጠብ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም። እኔ አያዋጣም ባይ ነበርኩ፤ ማንም ሰው ሒሳቡን ቢያይ ከእኔ ጋር ይስማማል።

የተገናኘነው ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የሰፈራ መንደር ነው። በድርቁ ጊዜ ከወሎ በአውቶቡስና በጭነት መኪና የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ያለው መንደር ነበር። እኔ የወለጋ ልጅ ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ምድቤ እዚያ ሆነ። ደመወዜን ለመቀበል በየወሩ አሶሳ ስለምሄድ የመንደሩ ተላላኪ ሆኜ ቀረሁ። መርፌና ክር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ፖስታ፣ የራስ ምታት መድኃኒት የማላመጣው ነገር አልነበረም። ለጋሽ ይመር ደግሞ የፎቶ ወረቀት አመጣለት ነበር።

ጋሽ ይመር ገበሬ አልነበረም። ደሴ ከተማ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ተቀጥሮ ሲያጥብና ሲያትም የኖረ ሰው ነው። በድርቁ ጊዜ እናቱን ሊያይ መጠለያ ሄዶ፣ አጠገቧ ቆሞ ሲያጽናናት ከእናቱ ጋር ተቆጥሮ ተጫነ። «እኔ ጠያቂ ነኝ» ቢል ማን ይስማው። እናቱ አሶሳ በገባች በዓመቷ በወባ ሞተች፤ እሱ ካሜራውን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ቀረ። መቆፈር ስለማይሆንለት የምርት ብርጌዱ በቆሎ ከዝንጀሮ እንዲጠብቅ መደበው። ዝንጀሮዎቹም አልፈሩትም መሰለኝ፣ በዚያ ዓመት ከእሱ ወገን የገባው በቆሎ ከሁሉ ያነሰ ነበር።

ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጥፍሮቹ በፎቶ መድኃኒት ብዛት ቡናማ ሆነው ቀርተዋል። ሰው ሲያናግረው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ጨዋታው ሲጥመው የማንንም አገጭ በሁለት ጣት ይዞ ወደ ብርሃን ያዞራል፤ የሊቀመንበሩንም፣ የካድሬውንም አገጭ አዙሯል። ማንም አልተቆጣውም።

ከጎጆው ጀርባ በቀርከሃ የሠራት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችው። ግድግዳዋን በጭቃና በእበት ደጋግሞ መርጎ፣ ጣሪያዋን ከውስጥ በእህል ጆንያ ሸፍኖ፣ ቀትር ላይ እንኳ እጅህን የማታይባት አድርጓት ነበር። ለቀይ መብራት የእጅ ባትሪውን ከአብዮት በዓል በተረፈ የመፈክር ጨርቅ ጠቅልሎታል። ካድሬው አንድ ቀን ያንን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ፤ በሳምንቱ ግን ፎቶ ሊነሳ መጣ። ጨርቁም በዚያው ተረሳ።

መንደሩ ኤሌክትሪክ የለውም። ስለዚህ ጋሽ ይመር የሚያትመው በፀሐይ ነበር። ኔጋቲቩን ወረቀቱ ላይ አስተኝቶ በመስታወት ይጫነዋል፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለችውን የክብሪት ቀፎ የምታህል ቀዳዳ ከፍቶ ብርሃኑን ያስገባል። ሰዓት ስላልነበረው የሚቆጥረው በዱዓ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ካለ አምስት ጊዜ «ያረቢ» ብሎ ይዘጋል፣ ደመና ካለ አሥርም አሥራ አምስትም ይላል። ክረምት ላይ ደመናው በመሃል ሲገለጥ ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል፤ ፎቶው ወይ ከሰል ይሆናል ወይ ባዶ። ወረቀቱን ይጥልና እንደገና ይጀምራል።

እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። አሶሳ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለ። ፊልሙን ብትሰጣቸው አዲስ አበባ ልከው፣ በወር በሁለት ወሩ፣ ከጋሽ ይመር ፎቶ የተሻለ የጠራ፣ ዋጋውም ያነሰ ፎቶ ይሰጡሃል። እሱ ግን ወረቀት በእኔ ያስመጣል፣ መድኃኒቱ በሙቀት ይበላሽበታል፣ ፎቶ ለማለቅለቅ ሁለት ጀሪካን ውኃ ከፓምፑ ሲቀዳ ሴቶቹ ይሰድቡታል። ዶሮ ሸጦ ወረቀት የገዛበት ጊዜ አለ። «ጋሽ ይመር፣ ይሄ ነገር አያዋጣህም» እለዋለሁ።

«ማዋጣት የነጋዴ ነገር ነው መምህር። እኔ ነጋዴ መሆን ቢያምረኝ ደሴ እቀመጥ ነበር» ይለኛል፤ ደሴ መቀመጡና አለመቀመጡ በእጁ የነበረ ይመስል።

አንድ ጊዜ ብቻ ደህና መልስ ሰጥቶኛል። የሰው ፊት ለሾፌር አይሰጥም አለኝ። ፊልም መንገድ ላይ እንደሚጠፋ፣ እንደሚረሳ፣ መኪና ሲገለበጥ አብሮ ወንዝ እንደሚገባ አይቷል። ሰውየው ዳግመኛ ፎቶ ሳይነሳ ቢሞትስ? በዚያን ጊዜ መንደሩ ውስጥ በየሳምንቱ ሰው እንቀብር ነበር።

ይሁንና የጋሽ ይመር ኩራት ማተሙ አልነበረም፤ ሪቱሹ ነበር። እርሳሱን በምላጭ እንደ መርፌ ያሾልና ኔጋቲቩን መስኮት ላይ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ የሰውን ፊት ያጸዳል። የቁስል ጠባሳ፣ የግንባር መስመር፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥቁረት፣ የጎደጎደ ጉንጭ ሁሉ በእርሳሱ ይጠፋል። ደሴ ያሳደገው ጌታው ጉድፍ ያለበት ፊት ከፎቶ ቤቱ እንዲወጣ አይፈቅድም ነበር። መንደራችን ያኔ ገና ከረኃቡ አላገገመም፤ በጋሽ ይመር ፎቶ ላይ ግን የተራበ ሰው የለም። ሰዎቹ ፎቶውን ወደ ወሎ ዘመዶቻቸው ሲልኩ «ደህና ነኝ» የሚለው ደብዳቤያቸው እውነት ይመስል ነበር። ስለዚህ ይወዱታል።

በዚህ ሪቱሽ የተነሳ አንድ ጊዜ ተገሥጿል፤ ያኔ መማር ነበረበት። ከመንደራችን ጋር የሚዋሰነው የማንጎ ማሳ የአንድ የበርታ ሽማግሌ ነበር፤ ሐሚድ ይባላሉ። ፎቶ ተነሡና በሳምንቱ ሊወስዱ መጡ። ፎቶውን አገላብጠው አይተው መለሱለት።

«ይሄ ማነው?» አሉት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ» አለ ጋሽ ይመር።

«ወላሂ እኔ አይደለም። የእኔ ፊት ሦስት ሦስት መስመር አለው። አባቴ ነው የሰጠኝ። ይሄ ሰው አባት የለውም።»

ጋሽ ይመር የሽማግሌውን የጉንጭ ብጣት፣ የወገናቸውን ምልክት፣ ተራ ጠባሳ መስሎት በእርሳስ አጥፍቶት ኖሯል። ሳቀ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ኔጋቲቩን ጠርጎ እንደገና አተመላቸው። ማታውን «የባላገር ነገር» ብሎ አጫወተኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

እትዬ ትርንጎ ጎረቤቱ ነበረች። መጠለያው ውስጥ ሳሉ የሰባት ዓመት ልጇ የሺ ታማ የሕክምና ድንኳን ገብታ ነበር። እናትየዋን «ልጅሽ በኋላ ትመጣለች» ብለው አውቶቡስ ላይ ጫኗት፤ ልጅቱ በኋላም አልመጣችም። ሦስት ዓመት ሞተች እየተባለ፣ ትርንጎ ግን ተዝካር ሳታወጣላት ቆየች። በሦስተኛው ዓመት ከፓዌ ሰፈራ ተዛውሮ የመጣ አንድ የትራክተር ሾፌር፣ እዚያ ወላጅ ያጡ ልጆች በሚያድጉበት ቤት ውስጥ የሺ የምትባል ልጅ እንዳለች፣ የእናቷንም ስም ትርንጎ እንደምትል ነገራት። እኔ ደብዳቤ ጻፍኩላት። መልሱ መጣ፦ እናት ነኝ የሚል ብዙ ስለሆነ ፎቶ ይላክ፤ ልጅቱ ካወቀቻት ትላካለች። ካላወቀቻት ግን ቤቱ ከመስከረም በኋላ ስለሚዘጋ ልጆቹ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ይበተናሉ።

ጋሽ ይመር እንደዚያ የተጠነቀቀለት ፎቶ አላየሁም። ከሊቀመንበሩ ሚስት ቀሚስ ተዋሰላት፤ ጎረቤቶች ፀጉሯን ሠሯት። ኔጋቲቩ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ሁለት ፎቶ አተመ፣ አንዱ ለፓዌ አንዱ ለእሷ። ትርንጎ ፎቶውን አይታ በእጇ አፏን ሸፈነች። ወጣት ሆናለች፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ዕድሜ ልኳን ጠግባ ያደረች ትመስላለች። ለሚያያት ለሚያውቃት ሁሉ አሳየችው። እኔም አይቼ ጎበዝ ነህ ብዬዋለሁ፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

ከአሶሳ ፓዌ ቀጥታ መንገድ የለም፤ ዓባይ በመሃል አለ። ፖስታው በነቀምት አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ በጎጃም ዞሮ ይደርሳል። መልሱን ስንጠብቅ እኔ አሶሳ ሄጄ ለጋሽ ይመር አንድ እሽግ ወረቀት ገዛሁ። ስመለስ ኬላ ላይ ያለው ሚሊሺያ ምንድነው አለኝ፤ የፎቶ ወረቀት ነው፣ ብርሃን ካየ ይበላሻል አልኩት። ብርሃን የማያይ ወረቀት ምን ቢጻፍበት ነው ብሎ ጥቁሩን ላስቲክ ቀደደና እሽጉን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ገለጥ ገለጥ አደረገ። ባዶ ነው፤ ሂድ አለኝ። ጋሽ ይመር ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ፈትኖት ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ወረቀቱ ከላይም ከዳርም ተቃጥሏል፤ የተረፈው ከእሽጉ መሃል ያሉት የጥቂቶቹ ወረቀቶች እምብርት ብቻ ነው። አሁንስ ይብቃህ፣ ፊልምህን ወደ ከተማ ላክ አልኩት። ወደ ጨለማው ክፍል ተመልሶ ገባና ዳር ዳሩን በመቀስ ሲቆርጥ ሰማሁት።

መልሱ በሐምሌ መጣ። ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ለትርንጎ አነበብኩላት። ፎቶው አብሮ ተመልሷል። ደብዳቤው አጭር ነው፦ «ልጅቱ ፎቶውን አይታ እናቴ አይደለችም ብላለች። ለምን ብለን ብንጠይቃት፣ የኔ እናት እንዲህ አታምርም ብላናለች።»

ትርንጎ አልጮኸችም። ፎቶውን ተቀብላኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ይመስል ረጅም ጊዜ አየችው።

«ልጄ ልክ ናት መምህር። ይቺን እኔም አላውቃት» አለችኝ። ከዚያ ግራ ጉንጯን ዳሰሰች። ጉንጯ ላይ ከልደቷ ጀምሮ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ምልክት አለች፤ ማርያም የሳመቻት ነች። ፎቶው ላይ የለችም። የሺ ሕፃን ሳለች ጣቷን እዚያ ላይ ካላሳረፈች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር ብላ ነገረችኝ።

ወደ ጋሽ ይመር ሄድን። ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩለት። ፎቶውን መስኮቱ ላይ አድርጎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ፤ ከዚያ ሁለተኛውንም ጨፈነ።

«እናቷን የወሰድኩባት እኔ ነኝ» አለ።

ኔጋቲቩን ነገውኑ ይዤ ከተማ ልውሰደው አልኩ፤ ከልምድ የተነሳ መሰለኝ። አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ መስከረም ይጠባል አለኝ። ደግሞም እዚያ ያሉት እንደኔው ናቸው፣ እነሱም ያጸዷታል አለ። ቀጥሎ ከክሊኒኩ አልኮልና ጥጥ እንዳመጣለት ላከኝ።

ሁለት ቀን የሠራውን እርሳስ በጥጥ ጠርጎ ለመጣል አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። የቀረው ማተም ነው። ሰማዩ ደመና እንደለበሰ ነበር፤ ከወረቀቱ ደግሞ ለዚህ ኔጋቲቭ የሚሆን እምብርት ያላቸው ሦስት ብቻ ናቸው። እኔንም ትርንጎንም ጨለማው ክፍል ውስጥ አስገባን፤ ደንበኛ አስገብቶ አያውቅም ነበር። ሦስታችን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆምን። ቀዳዳዋን ከፍቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያረቢ አለና ዘጋ፤ ወረቀቱ ገርጥቶ ቀረ። ሁለተኛውን ሃያ ቆጠረለት። አሥራ አምስት ላይ ሲደርስ ውጪ ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ወጣች፤ ወረቀቱ ጠቆረ። አንድ ወረቀት ብቻ ቀረ። በሕይወቴ ስለ ወረቀት የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛውን ከማስገባቱ በፊት ውጪ ወጥቶ ሰማዩን ሲያይ ቆየ። ተመልሶ ገባና ቀዳዳዋን ከፈተ። በዝግታ፣ አንዱን ያረቢ ከሌላው እያራቀ ዘጠኝ ቆጠረና ዘጋት። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከረው። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ነጩ ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ታየች፣ ቀጥሎ የፀጉሯ ጥቁረት። ፎቶ ሲወጣ ጥቁሩ ይቀድማል፤ ከፊቷ ሁሉ በፊት የወጣችው ያቺ የጉንጯ ምልክት ነበረች።

«መጣች» አለች ትርንጎ።

«አብሽሪ» አላት ጋሽ ይመር። «ቀሪውም ይመጣል።»

ቀሪውም መጣ፤ የጎደጎደው ጉንጭ፣ የግንባሯ መስመር፣ ሦስቱ ዓመት እንዳለ። ፎቶው የክብሪት ቀፎ ያህል ቢሆን ነው። በማግስቱ በጭቃው በእግሬ አሶሳ ወስጄ ወደ ፓዌ ለሚሄድ ለትራክተር ሾፌሩ ጓደኛ በእጁ ሰጠሁት።

ልጅቱ በጥቅምት በማዳበሪያ መኪና መጣች። መኪናው ሲገባ ሴቶቹ ከአረም ወጥተው በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ነበር። የወረደችው የላስቲክ ጫማ ያደረገች፣ ረጅም፣ ፀጉሯ የተላጨ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ትርንጎ አላወቀቻትም። የምትጠብቀው ሰባት ዓመቷን ነበር መሰለኝ፤ አፏን ከፍታ ቆመች። ማንም ለልጅቱ «ያቻትልሽ» አላላትም፣ ሊቀመንበሩም እንኳ። የሺ ፎቶዋን በመዳፏ ይዛ ከሰልፉ ጫፍ ጀመረች። አንዷን ሴት ታያለች፣ ፎቶዋን ታያለች፣ ታልፋለች። አምስተኛዋ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ፎቶዋን ዳግመኛ አላየችም። «እማ» አለቻት። እኔ ፊቴን ወደ መኪናው አዙሬ አለቀስኩ።

ጋሽ ይመር እዚያ አልነበረም። በቆሎ እየጠበቀ ነው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሪቱሽ መሥራት ተወ። ደንበኛ ሲመጣ እንዳለህ ነው የማወጣህ ይለዋል። ሰው ይህን ሊወድለት አልቻለም። ትርንጎን በማገናኘቱ አመሰገኑት፣ በሠርግ በተዝካር አስቀደሙት፣ ፎቶ ለመነሣት ግን ወደ ከተማው ፎቶ ቤት ሄዱ፤ እዚያ ያሳምሯቸዋል። ካድሬውም ሄደ። ጋሽ ይመር ወረቀት የሚገዛበት ዶሮ እንኳ አልቀረውም። አልፎ አልፎ ሐሚድና የልጅ ልጆቻቸው ይመጡለት ነበር፤ ከእነሱ ሌላ ለዓመት ያህል ደንበኛ አላየሁበትም። የተበደለ ግን አይመስልም፤ ጨለማዋን ክፍል በየሳምንቱ እየጠረገ ይጠብቃል።

ዝውውሬ መጥቶ መንደሩን ልለቅ ስል፣ ጊምቢ ለታጨችልኝ ልጅና ለወላጆቿ የሚላክ ፎቶ አስፈለገኝ። ልጅቱን ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ከሩቅ። ከከተማው ፎቶ ቤት ይልቅ እሱ ጋ የሄድኩት አዝኜለት ነበር። አነሣኝ። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ፣ ሌላው ቢቀር በልጅነቴ ፈንጣጣ ፊቴ ላይ የተወውን ጉድጓድ በእርሳሱ ትንሽ ትንሽ እንዲነካልኝ ለመንኩት። ማንም አይሰማም፣ ለእኔ ብቻ ነው አልኩት።

ካሜራውን በጋቢው ጠቅልሎ ጨረሰ።

«መምህር፣» አለኝ፣ «አንድ ቀን የሚፈልግህ ሰው ቢመጣስ?»